ምዕራፍ ዐሥራ አንድ፦ ጉልበት፣ ዕድሜና ቀዶ ሕክምና

የምዕራፉ ዓላማ

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ምዕራፍ ተምራችሁ ስታጠናቅቁ፦

1. ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ አሠራርና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚደረገው የለስላሳ አጥንት ቀዶ ሕክምና ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሚያሳየው ውጤት አንብባችሁ ትረዳላችሁ፤
2. «ከዚያ በኋላ» እና «በዚያ ምክንያት» በሚሉት አነጋገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤
3. ምክንያትንና ውጤትን የሚያስረዳ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።

1. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት አለን? ሕመሙ የሚብሰው መቼ መቼ ነው?
2. አንድ ሰው መድኃኒት ወስዶ ከዳነ፣ ያዳነው መድኃኒቱ መሆኑን በምን ማረጋገጥ ይቻላል?

ለ. ምንባብ

ጉልበት ሲከዳ

«ጉልበት» የሚለው ቃል በአማርኛ ከአንድ በላይ ፍች አለው። በአንድ በኩል ጭንንና ቅልጥምን የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ኃይልን፣ ብርታትን፣ የመሥራት ችሎታን ያመለክታል። ታላቁን የሚያከብር ሰው ጉልበት ይስማል፤ ጎልማሳው በጉልበቱ ሠርቶ ያድራል፤ ስላረጀ ሰው ደግሞ «ጉልበቱ ከዳው» ይባላል። በዚህ በመጨረሻው አነጋገር ሁለቱ ፍቾች አንድ ይሆናሉ። መገጣጠሚያው ሲከዳ ብርታቱም አብሮ ይከዳልና።

ይህን በዓይን ለማየት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ መውረድ ይበቃል። ሱሉልታ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሌሎችም ጎረቤቶቿ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። አየሯ ቀዝቃዛና ስስ በመሆኑ ሯጮች ይወዷታል፤ የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው። ማለዳ በመንገዱ ዳር ብትቆሙ ወጣቶች ተከታትለው ሲሮጡ ታያላችሁ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ሌሎች እግሮችም ያልፋሉ። ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶች፣ ድርቆሽ የተሸከሙ አባቶች፣ ምርኩዝ ተደግፈው ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ዳገቱን የሚወጡ አረጋውያን አሉ። የሯጮቹን ጉልበት ዓለም ያውቀዋል፤ የአረጋውያኑን ግን የሚያውቁት ራሳቸውና የቤተ ሰባቸው አባሎች ብቻ ናቸው።

ጉልበት ታዋቂውንም ቢሆን አይምርም። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ሲወዳደር ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ በመቋጠሩና ጅማቱ በመቆጣቱ ሩጫውን አቋርጦ ወጣ። በዚያኑ ቀን ከሩጫ መሰናበቱን አስታወቀ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 37 ዓመት ነበር። በ37 ዓመት የዓለም ታላቅ ሯጭን ያስቆመ መገጣጠሚያ፣ በ65 ዓመት ሸክም የለመደውን ገበሬ ቢያስቸግር የሚያስደንቅ አይሆንም።

ለመሆኑ በጉልበት ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥም አጥንት፣ ከፊት ደግሞ «የጉልበት ሎሚ» የምንለው ክብ አጥንት ይገኛሉ። እነዚህ አጥንቶች በቀጥታ ቢፋተጉ ኖሮ ማንም ሰው ከልጅነቱ አልፎ መራመድ ባልቻለ ነበር። ተፈጥሮ ግን ሁለት ዓይነት መከላከያ አኑራለች። አንደኛው የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው፣ ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰው ካርቲሌጅ ነው፤ በተለምዶ ለስላሳ አጥንት ይባላል። ሁለተኛው ሜኒስከስ የሚባለው ነው። ይህም ከለስላሳ አጥንት ወገን ሆኖ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው፣ የሚለመጥ ትራስ ነው። በእያንዳንዱ ጉልበት ውስጥ አንዱ በውስጥ፣ ሌላው በውጭ በኩል ሆኖ ሁለት ይገኛል። ሥራውም የሰውነትን ክብደት በሰፊው ማከፋፈል ነው።

የለስላሳ አጥንት ትልቁ ድካሙ ራሱን መጠገን አለመቻሉ ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የደም ሥርም ነርቭም የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ሜኒስከስም ቢሆን ደም የሚደርሰው በውጭ ጠርዙ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆዳ ሲቆረጥ ደርቆ እንደሚገጥም፣ አጥንት ሲሰበር ታስሮ እንደሚጠግን፣ ለስላሳ አጥንት እንዲሁ አይድንም። አንድ ወጣት ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጠምዝዞ ሜኒስከሱ በጠርዙ በኩል ቢሰነጠቅ፣ ሐኪም ሊሰፋለት ይችላል። በአረጋዊ ጉልበት ግን ስንጥቁ የሚመጣው በአንድ አደጋ ሳይሆን በዘመን ብዛት ነው። ትራሱ እንደ አሮጌ ጨርቅ ስለሚሳሳ የሐኪሙ መርፌ የሚይዘው ጠንካራ ነገር አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 ዓመት የሆኑ 991 ሰዎች በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ ነበር። የሜኒስከስ ስንጥቅ ከተገኘባቸው መካከል 61 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ምንም የጉልበት ሕመም እንዳልተሰማቸው ተናገሩ። እንግዲህ ስንጥቅ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ሕመሙን ያመጣው ስንጥቁ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የሽበት መኖር ራስ ምታትን እንደማያስረዳ ሁሉ፣ በፎቶግራፉ ላይ የታየው ስንጥቅም የአረጋዊውን ሕመም ላያስረዳ ይችላል።

የቀድሞ ሐኪሞች የተሰነጠቀ ሜኒስከስ ሲያገኙ ጉልበቱን በሰፊው ከፍተው ትራሱን በሙሉ ያወጡት ነበር። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ደኅና ሆኖ ይቆይ ስለ ነበር ጉዳት አለው ብሎ የጠረጠረ ብዙ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 ግን ፌርባንክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የእነዚህን ሰዎች ጉልበት በራጅ ተመልክቶ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበና የአጥንቱ ጫፍ እየተደፈጠጠ መሄዱን ገለጸ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የስዊድን ተመራማሪዎች ሜኒስከሳቸው ከወጣ 21 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች መረመሩ። ከእነዚህ መካከል 48 በመቶ በሚሆኑት ላይ የመገጣጠሚያ መበላት በራጅ ታየ፤ በዕድሜና በጾታ እነርሱን ከሚመስሉ፣ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ሰዎች መካከል ግን የታየው በ7 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ትራሱ ከወጣ ክብደቱ ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋልና አጥንቱ ዕዳውን ቀስ በቀስ ይከፍላል።

በዚህ መካከል የቀዶ ሕክምናው ዘዴ ተሻሻለ። ኬንጂ ታካጊ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 በቀጭን መመልከቻ የሬሳ ጉልበት ውስጡን ማየት ጀምሮ ነበር። የአገሩ ሰው ማሳኪ ዋታናቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 በዚሁ ዓይነት መመልከቻ እየተረዳ የተሰነጠቀውን የሜኒስከስ ክፍል ብቻ ቆርጦ አወጣ። ይህ ዘዴ አርትሮስኮፒ ይባላል። ቁስሉ ትንሽ፣ ሕመምተኛው ቶሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ፤ በየዓመቱም በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና ጎልማሶች ጉልበታቸውን ታጠቡ፣ ተከረከሙም። ብዙዎቹም «ተሽሎናል» አሉ።

ጥያቄው ግን «ተሻላቸውን?» ብቻ አይደለም፤ «ባይደረግላቸውስ ኖሮ አይሻላቸውም ነበርን?» የሚለው ነው። በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህን ጥያቄ በድፍረት ጠየቀ። የጉልበት መበላት ያለባቸው 180 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን ጉልበት ታጠበ፤ የሁለተኛው ታጥቦ ተከረከመ፤ የሦስተኛው ቡድን ሰዎች ግን ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ሕመምተኞቹ ከየትኛው ቡድን እንደሆኑ አያውቁም ነበር። ለሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የሦስቱም ቡድኖች ውጤት አንድ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 የፊንላንድ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑና የሜኒስከስ ስንጥቅ ያለባቸውን 146 ሰዎች በተመሳሳይ ዘዴ አጥንተው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እውነተኛውን ቀዶ ሕክምና ያገኙት የማስመሰያውን ካገኙት እንዳልበለጡ አሳዩ። የአምስት ዓመት ክትትላቸው ሲታተምም ልዩነት አልተገኘም፤ እንዲያውም በተከረከሙት ጉልበቶች ላይ የመገጣጠሚያ መበላቱ በራጅ ሲታይ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር።

ሌሎች ጥናቶች ቀዶ ሕክምናን ከእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ማለትም ከፊዚዮቴራፒ ጋር አወዳደሩ። በኔዘርላንድ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 70 የሆኑ 321 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ሲከረከሙ ገሚሶቹ 16 ጊዜ የታቀደ እንቅስቃሴ ሠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላም፣ ከአምስት ዓመት በኋላም የእንቅስቃሴው ውጤት ከቀዶ ሕክምናው አላነሰም። በአሜሪካ በ351 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሌላውን የነገሩን ገጽታ ያሳያል። እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ከተመደቡት ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ሕመሙ ስላልተዋቸው በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና ተሻግረዋል። ስለሆነም እንቅስቃሴ ለሁሉም ይበቃል ማለት አይቻልም፤ አስቀድሞ እርሱን መሞከር ግን የሚያስቀር ጉዳት አልታየም። እነዚህን የመሳሰሉ ጥናቶች ከተመረመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ መመሪያ በዕድሜ ምክንያት ለተበላ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ መከረ።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም የጉልበት ቀዶ ሕክምና ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአደጋ የተሰነጠቀ የወጣት ሜኒስከስ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ጉልበት፣ በውስጡ መግል የቋጠረ መገጣጠሚያ የሐኪም እጅ ያስፈልጋቸዋል። በተለይም ጉልበቱ በድንገት ያበጠና የጋለ፣ ትኩሳትም ያለው ሰው አንድ ቀን ሳያድር ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ለስላሳ አጥንቱ ፈጽሞ አልቆ አጥንት ከአጥንት የሚፋተግበት፣ ሌሊት እንኳ የማያስተኛ ሕመም ያለበት አረጋዊ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ይኸውም መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ስሌት እንዳመለከተው ከተተኩት አምስት ጉልበቶች አራቱ ያህል 25 ዓመት ያገለግላሉ። ይህ ግን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወጪውም ቀላል አይደለም።

ታዲያ አብዛኞቹ አረጋውያን ምን ያድርጉ? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ መጽናትን ግን ይጠይቃል። በወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ዐሥር እስኪቆጠር ማቆየትና መመለስ፤ ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሣትና መቀመጥ፤ በደልዳላ መንገድ በየቀኑ መራመድ፤ እነዚህ ሁሉ የጭንን ጡንቻ ያጠነክራሉ። የጠነከረ ጡንቻ የጉልበትን ሸክም ይጋራል። ክብደት የበዛበት ሰው አንድ ኪሎ ቢቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚቀልለት ተለክቷል። ምርኩዝ የሚይዝ ሰው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጁ ቢይዘው ይሻለዋል። ወጌሻ ጅማት አፍታቶ ሕመምን ሊያቀልል ይችላል፤ ያበጠን ጉልበት በኃይል መጎተትና አጥብቆ ማሰር ግን የደም ዝውውርን ስለሚያግድ አደገኛ ነው። እንቅስቃሴው በሳምንት አያድንም፤ ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ አስቡ። አያታችሁ ጉልበታቸውን አሟቸው በአዲስ አበባ ኤም.አር.አይ. ተነሥተው «የሜኒስከስ ስንጥቅ» የሚል ወረቀት ይዘው ወደ ሱሉልታ ተመለሱ። ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የምትታለበውን ላም ሸጦ ሊያሳክማቸው ይመክራል። ላሚቱ ለቤቱ ወተትም ገንዘብም ናት፤ የእናንተም የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈነው ከእርሷ ነው። ወረቀቱን ማንበብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። አያታችሁ ብትወዷቸው ምን ትላላችሁ? «ይሸጥ» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ «አይሸጥ» ማለት ንፍገት ይመስላል። ዕውቀት ያለው ሰው ግን ከሁለቱ በፊት ሦስተኛ ነገር ይናገራል፦ «አስቀድመን ሐኪሙን እንጠይቅ። ጉልበታቸው ተቆልፏልን? የታየው ስንጥቅ በዕድሜ የመጣ ነውን? ለሦስት ወር በሚገባ እንቅስቃሴ ቢሠሩ የሚያጡት ነገር አለን? ቢከረከምስ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይጠብቃቸዋል?» ከእነዚህ ጥያቄዎች በፊት ላም መሸጥ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ዓይነት ይሆናል። ከጥያቄዎቹ በኋላ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው የግድ ነው ካለ ደግሞ ላሚቱ ብትሸጥ የሚቆጭ አይኖርም።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

ሀ) የሚከተሉትን «እውነት» ወይም «ሐሰት» በማለት መልሱ፤ ሐሰት ያላችሁትን አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ብዙ የደም ሥር ስላለው ቶሎ ይድናል።
2. የሜኒስከስ ስንጥቅ ያለበት ሰው ሁሉ ጉልበቱን ያመዋል።
3. በሂውስተኑ ጥናት ቆዳቸው ብቻ የተበጣው ሰዎች ከሌሎቹ የባሰ ውጤት አላገኙም።
4. እንደ ምንባቡ ከሆነ ማንኛውም የጉልበት ቀዶ ሕክምና ጥቅም የለውም።

ለ) ለሚከተሉት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የወጣትና የአረጋዊ ሜኒስከስ ስንጥቅ በምን በምን ይለያያል?
2. የፌርባንክ ግኝት በጊዜው ከነበረው እምነት ጋር የተጋጨው ለምንድን ነው?
3. በሂውስተኑና በፊንላንዱ ጥናት ሕመምተኞቹ የተደረገላቸውን ነገር እንዳያውቁ የተደረገው ለምን ይመስላችኋል?
4. በአሜሪካው ጥናት 30 በመቶ ያህሉ ወደ ቀዶ ሕክምና መሻገራቸው ለጸሐፊው ሐሳብ ድጋፍ ነው ወይስ ተቃውሞ? አስረዱ።
5. ጸሐፊው ላሚቱ ትሸጥ ወይስ አትሸጥ ይላል? መልሳችሁን ከምንባቡ አስደግፉ።

መ. የቃላት ጥናት

1. በምንባቡ ውስጥ የገቡት የሚከተሉት ቃላት ፍቻቸው እንዲህ ነው፦

ድርቆሽ፦ ታጭዶ የደረቀ፣ ለከብት የሚቀመጥ ሣር
ምርኩዝ፦ ሲራመዱ የሚደገፉት በትር
መከርከም፦ የተረፈውን ወይም የተበላሸውን ጠርዝ እየቆረጡ ማስተካከል
የመገጣጠሚያ መበላት፦ ለስላሳ አጥንት እየሳሳና እያለቀ መሄድ
ንፍገት፦ ያለውን ለመስጠት አለመፍቀድ፣ ሥሥት

2. «ጉልበት» የሚለው ቃል በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ መገጣጠሚያን ወይስ ኃይልን እንደሚያመለክት ለዩ። ሁለቱንም የሚያመለክትበት ካለ ምክንያታችሁን ተናገሩ።

ሀ) ሙሽራው የአማቱን ጉልበት ሳመ።
ለ) ጉልበተኛው የደካማውን መሬት ነጠቀ።
ሐ) በጉልበት ሥራ ልጆቹን አሳደገ።
መ) እመት አልማዝ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ሠ. ሰዋስው፦ ቅደም ተከተልና ምክንያት

አንድ ድርጊት ከሌላው ቀድሞ መፈጸሙን ለመግለጽ «ከ… በኋላ» የሚለውን አገባብ እንጠቀማለን።

ምሳሌ፦ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ተሻላት።

ይህ ዓረፍተ ነገር የሚነግረን ጊዜን ብቻ ነው፤ መሻሏ ሁለተኛ፣ ቀዶ ሕክምናው አንደኛ መሆኑን ነው። ያሻላት ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ምክንያትን ለመግለጽ የሚከተሉትን እንጠቀማለን፦

1. «ስለ» ከኃላፊ ወይም ከትንቢት አንቀጽ ጋር፦ ጡንቻዋ ስለጠነከረ ሕመሙ ቀለላት።
2. «በ» ከንዑስ አንቀጽ ጋር፦ ጡንቻዋ በመጠንከሩ ሕመሙ ቀለላት።
3. «የተነሣ» ወይም «ምክንያት»፦ ከእንቅስቃሴው የተነሣ (በእንቅስቃሴው ምክንያት) ሕመሙ ቀለላት።
4. በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚገባው «ና»፦ አትሸከሚ፤ ጉልበትሽ ታሟልና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ሁለት ድርጊቶችን ያለ ምንም አገባብ ስለሚያያይዝ ጊዜንና ምክንያትን አደባልቆ ያሳያል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

ሀ) ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞላ።
ለ) ዶሮ ጮኾ ነጋ።
ሐ) አክስቴ ጉልበቷን ታክማ ዳነች።

በ«ሀ» ወንዙን የሞላው ዝናቡ ነው። በ«ለ» ግን ዶሮው ባይጮኽም ይነጋ ነበር። የሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ቅርጽ አንድ ነው፤ እውነታቸው ግን አንድ አይደለም። «ሐ» ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሰዋስው ብቻውን አይነግረንም። ለማወቅ «ባትታከምስ ኖሮ ትድን ነበርን?» ብለን መጠየቅ አለብን። የሂውስተንና የፊንላንድ ሐኪሞች ያደረጉት ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ ነበር። አንባቢ ቦዝ አንቀጽ ሲገጥመው፣ ጸሐፊም ሲጠቀምበት፣ ዝናቡን ነው ወይስ ዶሮውን ብሎ ያስብ።

መልመጃ 1። በክፍት ቦታዎቹ ተስማሚውን አገባብ («ከ… በኋላ»፣ «ስለ»፣ «በ»፣ «የተነሣ»፣ «ና») አስገብታችሁ ዓረፍተ ነገሮቹን አሟልታችሁ ጻፉ። ከአንድ በላይ የሚስማማ ሲገኝ የፍች ልዩነቱን ተናገሩ።

1. ሜኒስከሱ በሙሉ ____ወጣ አጥንቱ ተደፈጠጠ።
2. በየቀኑ ____መራመዱ ክብደቱ ቀነሰ።
3. ወደ ሱሉልታ ____ተመለሱ ____ ሕመሙ ተነሣባቸው።
4. ጉልበቱ ጋለ፤ ፈጥነህ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ መግል ሊሆን ይችላል____።
5. ከብርዱ ____ ጉልበቴ ደነዘዘ አሉ አያቴ።

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ቦዝ አንቀጹን አስወግዳችሁ አንድ ጊዜ ጊዜን፣ አንድ ጊዜ ምክንያትን እንዲገልጹ አድርጋችሁ ጻፉ። ከዚያም ከሁለቱ በማስረጃ ሊደገፍ የሚችለውን ምረጡ።

1. ሯጩ ወደ ሱሉልታ ሄዶ አሸነፈ።
2. አባባ ጠበል ተጠምቀው፣ ሐኪም ቤትም ሄደው፣ ምርኩዝም ይዘው ተሻላቸው።
3. ላሚቱ ተሸጣ ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ።

ረ. ድርሰት

ምክንያትንና ውጤትን የሚያስረዳ ድርሰት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። በመጀመሪያ የታየውን ውጤት በግልጽ ማስቀመጥ፤ ቀጥሎ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ መመርመር፤ በመጨረሻም የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለይቶ መደምደም ነው። አንዱን ምክንያት ብቻ አንሥቶ ሌሎቹን መዝለል ድርሰቱን ደካማ ያደርገዋል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

ደካማ፦ «ጎረቤታችን ጉልበታቸውን አሠርተው ዳኑ። ስለዚህ እናንተም አሠሩ።»

የተሻለ፦ «ጎረቤታችን ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው በሦስተኛው ወር ሕመሙ ቀለላቸው። ይሁን እንጂ በእነዚሁ ወራት ሸክም አቁመው ነበር፤ ሐኪሙ ያዘዛቸውንም እንቅስቃሴ በየቀኑ ይሠሩ ነበር። በመሆኑም ያቀለለላቸው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በእርሳቸው ብቻ ማወቅ አይቻልም።»

ሁለተኛው አንቀጽ የጎረቤትን ቃል ሐሰት ነው አላለም፤ ክብራቸውንም አልነካም። ያደረገው ነገር «በኋላ» የሚለውን ወደ «ምክንያት» ለመለወጥ አለመቸኮል ነው።

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው ድርሰት ጻፉ።

1. በምንባቡ የተጠቀሰው የቤተ ሰብ ምክር እናንተ ቤት ተደርጓል እንበል። በጉባኤው ላይ ለአያታችሁና ለወላጆቻችሁ የምትናገሩትን በአክብሮት አነጋገር («እርስዎ»፣ «እናንተ») ጻፉ። ለሐኪሙ የሚቀርቡ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን አስገቡ።
2. ሌላ ከተማ ለሚኖሩና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ዘመድ ደብዳቤ ጻፉ። ቢያንስ ሁለት እንቅስቃሴዎችን አሠራራቸውን በቅደም ተከተል አስረዱ፤ ወደ ሐኪም ቤት ፈጥኖ የሚያስኬዱትን ምልክቶችም ግለጹ።
3. በአካባቢያችሁ «ይህን አድርጎ ዳነ» ተብሎ የሚወራ አንድ ነገር ምረጡ። ወሬው የዝናቡ ነው ወይስ የዶሮው? በማስረጃ አስረዱ።

ድርሰታችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቦዝ አንቀጾቹን ሁሉ በእርሳስ አስምሩባቸው። ከዚያም እያንዳንዱ ጊዜን ብቻ ወይስ ምክንያትንም እንደሚገልጽ ራሳችሁን ጠይቁ፤ አሻሚ ሆኖ ያገኛችሁትን በተገቢው አገባብ ተኩና ለመምህራችሁ አስረክቡ።